በሐዘን የገባው ዓመት፤ 1535 ዓመተ ምሕረት



በአገራችን ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ፣ ነገር ግን ዝርዝሩ ብዙ የማይነገር አንድ ዓመት አለ። ይኸውም 1535 ዓ.ም. ነው። ስለዚያ ዘመን በቤታችን የሰማነው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቃል ያልቃል፤ «ግራኝ መጣ፤ ግራኝ ሞተ» ይባላል። እንዲህ ዓይነቱ አጭር ነገር ለሕፃን ይበቃ ይሆናል። ለእኛ ለወጣቶች ግን አይበቃም። ምክንያቱም በዚያ ዓመት የሆነውን በሙሉ ስንመረምር፣ ከጦርነቱ ይልቅ ከጦርነቱ በኋላ የተነሡት ጥያቄዎች እጅግ የከበዱ ሆነው እናገኛቸዋለን። የካደውን ሰው እንዴት እንቀበለው? የጠላት ልጅ እጃችን ሲገባ ምን እናድርገው? የረዳን ባዕድ ዋጋውን ሲጠይቅ ምን እንመልስለት? እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን ወደ ታሪኩ እንግባ።

ሀ. ዓመቱን በባሕረ ሐሳብ ስንቈጥረው

አስቀድመን ዘመኑን በራሳችን ቍጥር እንወቀው። ዓመተ ኵነኔ 5500 ሲደመር 1535 ዓመተ ዓለም 7035 ይሆናል። ይህን ለ4 ስንካፈል መጠነ ራብዒቱ 1758 ሆኖ 3 ይተርፋል። 3 ሲተርፍ ዘመነ ሉቃስ ነውና ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ነበረ። 7035ንና 1758ን ደምረን ለ7 ስንገድፍ 1 ይተርፋል፤ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን ማክሰኞ ዋለ። ደግሞ 7035ን ለ19 ስንገድፍ 5 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ስንተው ወንበሩ 4፣ አበቅቴው 14፣ መጥቅዑ 16 ይሆናል። መስከረም 16 ረቡዕ ነው፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ሲጨመር መባጃ ሐመሩ 20 ነው። በመሆኑም ጾመ ነነዌ ጥር 20፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 4፣ ትንሣኤ ደግሞ መጋቢት 29 ቀን ዋለ ማለት ነው። መጋቢት 29 አባቶቻችን ጥንተ ትንሣኤ የሚሉት ቀን እንደ ሆነ እናስታውስ።

ይህን መቍጠራችን ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያን ጊዜ አውሮፓውያን የሚጠቀሙበት አሮጌው የዩልዮስ አቈጣጠር ስለ ነበረ፣ የእኛ መስከረም 1 በእነርሱ ዘንድ ኦገስት 29 ይውል ነበር። እንግዲህ የፖርቱጋል ጸሐፊዎች «ኦገስት 28 ቀን 1542» ብለው የመዘገቡት ትልቅ ሽንፈት በእኛ አቈጣጠር ጳጕሜን 5 ቀን 1534 ዓ.ም. ነው። የዘመን መለወጫ ዋዜማ ማለት ነው። ዓመቱ በሐዘን ገባ የምንለውም ስለዚህ ነው።

ለ. ከዓመቱ በፊት የነበረው ሁኔታ

በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመነ መንግሥት በክርስቲያኑ መንግሥትና መቀመጫው ሐረር በነበረው በአዳል መካከል የቆየ ፉክክር ነበረ። ፉክክሩ የሃይማኖት ብቻ አልነበረም። ከመካከለኛው አገር ወደ ዘይላ ወደብ የሚወስደው የንግድ መንገድ፣ በወሰን ላይ ያሉት አገሮች የሚከፍሉት ግብር፣ በየጊዜው በሁለቱም ወገን የሚደረገው ዘረፋና ምርኮ ተደማምረው ነገሩን አከረሩት። ከውጭም ሁለት ኃይሎች ቀይ ባሕርን ከበው ነበር። ቱርኮች እ.ኤ.አ. በ1517 ግብፅን ከያዙ በኋላ ወደ ደቡብ ሲገፉ፣ ፖርቱጋሎች ደግሞ ከህንድ ባሕር ተነሥተው ወደ ሰሜን ይመጡ ነበር። የእኛ አገር ጦርነት ከእነዚህ ከሁለቱ ፉክክር ጋር ተያያዘ።

ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ በአገራችን ሰው አጠራር ግራኝ አሕመድ፣ በመጋቢት ወር 1521 ዓ.ም. ሽምብራ ቍሬ ላይ የዐፄ ልብነ ድንግልን ብዙ ሠራዊት ድል አደረጉ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ሸዋ፣ ዐምሐራ፣ ላስታ፣ ትግራይ በተራ በተራ ተወረሩ። በ1523 ዓ.ም. ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ። በዚያው ዘመን ዐፄዎቹ ያሠሯቸው ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት፣ ከእነርሱም ውስጥ መካነ ሥላሴና አትሮንሰ ማርያም፣ ንዋየ ቅድሳታቸው ተዘርፎ ነደዱ። ስንት የብራና መጽሐፍ እንደ ጠፋ የሚቈጥር አልተገኘም።

ዐፄ ልብነ ድንግል ከተራራ ወደ ተራራ ሲሰደዱ ኖረው መስከረም 5 ቀን 1533 ዓ.ም. ደብረ ዳሞ ላይ ዐረፉ። ከዚያ በፊት በ1531 ዓ.ም. የበኵር ልጃቸው ፊቅጦር በጦርነት ሞቶ፣ ሌላው ልጃቸው ሚናስ ተማርኮ ነበር። እቴጌ ሰብለ ወንጌል እንግዲህ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ባላቸውን ቀበሩ፤ አንድ ልጃቸው ሞተባቸው፤ አንድ ልጃቸው በጠላት እጅ ገባባቸው። ዙፋኑን የወረሱት ዐፄ ገላውዴዎስ ገና ወደ 20 ዓመት የሚጠጉ ወጣት ነበሩ። አንባብያን ሆይ፤ ከመካከላችን ስንቱ በዚህ ዕድሜ ላይ እንዳለን ልብ እንበል።

በየካቲት 1533 ዓ.ም. የፖርቱጋል መርከቦች ምፅዋ ደረሱ። አስቀድሞ ዐፄ ልብነ ድንግል እርዳታ ጠይቀው ነበርና፣ 400 ያህል ወታደሮች በዶም ክሪስቶቫን ዳ ጋማ ሥር ሆነው በክረምቱ መግቢያ ወደ ደጋው ወጡ። ይህ ሰው የታወቀው የመርከበኛው የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ሲሆን፣ እርሱም ከ30 ዓመት በታች የሆነ ወጣት ነበረ። እቴጌ ሰብለ ወንጌልም ከደብረ ዳሞ ወርደው ከእርሱ ጋር ተጓዙ። በ1534 ዓ.ም. በትግራይ ምድር ሦስት ጊዜ ተዋግተው ቀናቸው። በሚያዝያ ወር በተደረገው ውጊያ ኢማሙ ራሳቸው እግራቸውን በጥይት ቈስለው አመለጡ።

ሐ. ወፍላ፤ የዋዜማው ሽንፈት

ድል ያደረገ ሰው ማስተዋል ያለበት ጊዜ ይህ ነው። ኢማሙ ክረምቱን በከንቱ አላሳለፉትም። በየመን ዘቢድ ላይ ለነበረው የቱርክ ገዢ መልእክት ልከው 900 ያህል ቱርኮችና ሌሎች ባለ ነፍጦች፣ ከእነርሱም ጋር መድፍ አስመጡ። ዶም ክሪስቶቫን በበኩሉ ከሐሸንጌ ሐይቅ አጠገብ በወፍላ ሰፍሮ ዐፄ ገላውዴዎስን ይጠባበቅ ነበር። ንጉሡ በጥቂት ሠራዊት ከሸዋ ተነሥተው በመምጣት ላይ ነበሩ እንጂ ገና አልደረሱም።

ውጊያው የተጀመረው ሁለቱ ወገን ሳይገናኙ ነው። ፖርቱጋሎቹ ቀኑን ሙሉ ተዋጉ፤ ነገር ግን የመድፉንና የነፍጡን ብዛት አልቻሉትም። ግማሽ ያህሉ አለቁ። ዶም ክሪስቶቫን ክንዱ ተሰብሮ ሌሊቱን ከጥቂት ሰዎች ጋር ሲሸሽ ተያዘ፤ በኢማሙም ፊት ቀርቦ ብዙ ከተሠቃየ በኋላ አንገቱ ተቀላ። ይህን ሁሉ ከውጊያው ተርፎ የጻፈልን ሚጌል ደ ካስታኞሶ የሚባል ፖርቱጋላዊ ወታደር ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1564 በሊዝቦን ታተመ።

ከተረፉት መካከል 50 ያህሉ ወደ ምፅዋ አቅጣጫ ሲሄዱ፣ ከ100 በላይ የሆኑት ከእቴጌይቱ ጋር ወደ ሰሜን ተራሮች ሸሹ። እዚያም የተጠጉት ቤተ እስራኤል በሚኖሩበት አምባ ላይ እንደ ነበረ ካስታኞሶ መዝግቧል። ስለዚህ በ1535 ዓ.ም. መስከረም ወር የክርስቲያኑ መንግሥት እቴጌና የባሕር ማዶ ወታደሮች ሕይወታቸውን ያተረፉት በሌላ እምነት ተከታዮች ምድር ተጠግተው ነው። ይህን ነገር ታሪኩን በምንናገርበት ጊዜ ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። መዝለል ግን አይገባንም።

መ. ከሰሜን ተራሮች እስከ ወይና ደጋ

ኢማሙ ከድሉ በኋላ ነገሩ ያለቀ መሰላቸው። ከቱርኮቹ 200 ያህሉን ብቻ አስቀርተው የቀሩትን አሰናበቱና ራሳቸው ወደ ጣና ሐይቅ አካባቢ ሄደው ተቀመጡ። ዶም ክሪስቶቫን በወፍላ ያደረገውን ስሕተት አሁን ደግሞ ኢማሙ ደገሙት ማለት ይቻላል። ሁለቱም ያለፈውን ድል ለሚመጣው ቀን ዋስትና አደረጉት።

ዐፄ ገላውዴዎስ ሰሜን ሲደርሱ ያገኙት ያዘነች እናትና የተሸነፈ የወታደር ቅሬታ ነው። ከዚህ ላይ የንጉሡን ጠባይ እንመለከታለን። አልቸኰሉም። ቀደም ሲል ደብረ ዳሞ ላይ ተቀምጦ የነበረው የጦር መሣሪያ እንዲመጣ አደረጉ፤ የተበተነው ሕዝብ እስኪሰበሰብ ጠበቁ። በየአገሩ ተደብቆ የነበረው ሰው ንጉሡ እንዳሉ በሰማ ጊዜ በጥቂት በጥቂት እየመጣ ተጨመረ። በኅዳር ወር ወገራ ላይ ከኢማሙ አበጋዞች አንዱን ገጥመው ድል አደረጉ። ከዚያም ወደ ጣና ምሥራቅ ወረዱ።

ካስታኞሶ እንደሚለው በንጉሡ በኩል 8000 እግረኛና 500 ፈረሰኛ፣ በኢማሙ በኩል 13000 እግረኛና 1200 ፈረሰኛ ተሰልፎ ነበር። ሁለቱ ጦሮች ፊት ለፊት ሰፍረው ብዙ ቀን በትንንሽ ግጭት ተፈታተኑ። በዚህ መካከል ከንጉሡ ታላላቅ የጦር አለቆች አንዱ አዝማች ክፍሎ ተገደለ። ሠራዊቱ ደነገጠ፤ ወደ ኋላ የሚል ድምፅም ተሰማ። ንጉሡ ድንጋጤው ሥር ሳይሰድ ወዲያው ለመግጠም ቈረጡ።

አብዛኞቹ የታሪክ ጸሐፊዎች ውጊያው በፌብሩዋሪ 21 ቀን 1543 እንደ ተደረገ ይናገራሉ። ይህ ከላይ ባሰላነው መሠረት የካቲት 27 ቀን 1535 ዓ.ም. ረቡዕ ይሆናል። ጾሙ ከገባ አራተኛው ሳምንት፣ የመፃጕዕ ሳምንት ነው። ቦታው ወይና ደጋ ይባላል። ፖርቱጋሎቹ የአለቃቸውን ደም ለመበቀል ወደ ኢማሙ ሲገፉ ኢማሙ በጥይት ተመተው ወደቁ። አለቃው በወደቀ ጊዜ ሠራዊቱ ተፈታ። ቱርኮቹ ብዙዎቹ እዚያው አለቁ። በ14 ዓመት የተሠራው ኃይል በአንድ ቀን ተበተነ። በዚያ አገር ግራኝ በር የሚባል ቦታ እስካሁን የዚያን ቀን ነገር ያስታውሳል። ከ32 ቀን በኋላም ትንሣኤ ሆነ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። እኛ ግን ዋናው ትምህርት ከዚህ በኋላ ያለው ነው እንላለን።

ሠ. ሁለቱ እናቶች

ከኢማሙ ሠራዊት ጋር ባለቤታቸው ባቲ ድል ወንበራ ነበሩ። እኚህ ሴት የዘይላው የኢማም ማሕፉዝ ልጅ ሲሆኑ ባላቸውን ተከትለው በዘመቻው ሁሉ የዞሩ ናቸው። ከወይና ደጋ ከጥቂት ሰዎች ጋር አምልጠው በብዙ ችግር ወደ ሐረር ተመለሱ። ልጃቸው መሐመድ ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ሰዎች እጅ ገባ።

አሁን ሁለት እናቶችን በዓይነ ኅሊናችን እንያቸው። በአንድ በኩል እቴጌ ሰብለ ወንጌል አሉ፤ ልጃቸው ሚናስ ተማርኮ ባሕር ተሻግሮ በየመን በቱርኩ ገዢ ዘንድ ታስሯል። በሌላው በኩል ባቲ ድል ወንበራ አሉ፤ ባላቸው ሞተው ልጃቸው በክርስቲያኖች እጅ ነው። በበቀል ሕግ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። የተቃጠሉት ገዳማት፣ የተገደለው ፊቅጦር፣ የተቀላው የእንግዳው አንገት ሁሉ በዚያ ልጅ ላይ ሊከፈል ይችል ነበር። በዚያ ዘመን ይህን የሚያወግዝ ሰው ብዙ አይገኝም ነበር።

ሆኖም የሆነው ሌላ ነው። በሁለቱ እናቶች መካከል መልእክት ተመላለሰ፤ የቱርኩም ገዢ ተጠየቀ። በመጨረሻ ልጅ በልጅ ተለወጠ። ሚናስ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ መሐመድም ወደ እናቱ ሄደ። ሚናስ ኋላ ከወንድሙ ቀጥሎ ዐፄ ሚናስ ተብሎ ነግሧል።

ይህ ዕርቅ አልነበረም፤ ዕርቅ ነው ብንል ታሪኩን እናጣምማለን። ሁለቱ ወገኖች ወዳጅ አልሆኑም። ባቲ ድል ወንበራ ኋላ ያገቡት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ1551 ዓ.ም. በሰሙነ ሕማማት ዐፄ ገላውዴዎስን በጦርነት ገድለዋል። ታዲያ የልጆቹ ልውውጥ ምን ጠቀመ? የምንል ብንኖር መልሱ ይህ ነው፦ ሁለት ልጆች ዳኑ። ጦርነቱን ማቆም ያልቻሉ እናቶች ጦርነቱ ከልጆቻቸው ላይ እጁን እንዲያነሣ አደረጉ። ትልቁን ነገር ማድረግ ባይቻል እንኳ የሚቻለውን ትንሽ ነገር ማድረግ ዋጋ አለው።

ረ. የወጡት ሲመለሱ

ሌላው ከባድ ጥያቄ የሃይማኖት ነበረ። በ14 ዓመቱ ጦርነት ጊዜ እጅግ ብዙ ክርስቲያን ሃይማኖቱን ለውጧል። አንዳንዱ ሰይፍ አንገቱ ላይ ተቀምጦ፣ አንዳንዱ ርስቱንና ሹመቱን ላለማጣት፣ አንዳንዱም የክርስቲያኑ መንግሥት ዳግመኛ አይቆምም ብሎ ተስፋ በመቍረጥ ነው። በኢማሙ ሠራዊት ውስጥ ተሰልፈው የወገኖቻቸውን አገር የወጉም ነበሩ። ከድሉ በኋላ እነዚህ ሰዎች ወደ ንጉሡ መምጣት ጀመሩ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ተቀጡ፤ ብዙዎቹ ግን ምሕረት አገኙ። ካስታኞሶ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ የበደሉት ሁሉ ይገደሉ ቢባል ንጉሡ ሕዝብ አይቀርላቸውም ነበር የሚል አሳብ ይሰጣል።

ይህ የመንግሥት ምሕረት ነው። የቤተ ክርስቲያን ጥያቄ ደግሞ ከዚህ ይጠልቃል። ንጉሥ «ምሬሃለሁ» ቢል ሰውየው ቤቱ ይገባል። ነገር ግን ጎረቤቱ ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃጠል ያየ፣ አባቱ ሃይማኖቱን አልለውጥም ብሎ የተገደለበት ሰው ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ቅዳሴ ላይ እንዴት ጎን ለጎን ይቆማሉ? የጸናው «እኔ ሁሉን አጥቼ እርሱ ሁሉን ይዞ ተመለሰ» ቢል ምን ይመለስለታል? የጠፋው ልጅ በተመለሰ ጊዜ ታላቅ ወንድሙ የተናገረውን በወንጌል እናውቃለን። ይህ የታላቅ ወንድም ቅሬታ ዝም ብሎ የሚናቅ አይደለም፤ እውነት ያለበት ቅሬታ ነው።

አባቶች የሰጡት መልስ ሁለት ነገር አንድ ላይ የያዘ ነው። በሩን አልዘጉትም፤ ነገር ግን እንዲሁ ክፍት አድርገውም አልተዉትም። ከዚህ ዘመን ጋር ተያይዞ የሚታወቀው መጽሐፈ ቄደር ከሃይማኖት ወጥቶ የተመለሰ ሰው በጸሎትና በውኃ የሚቀበልበት ሥርዓት ነው። ሥርዓት መኖሩ ለተመላሹ ብቻ ሳይሆን ለጸናውም ጠቅሟል። ተመላሹ በሕዝብ ፊት ንስሓ ገብቶ ይቀበላል፤ የጸናውም መከራው እንዳልተረሳ ያያል። ከዚያ በኋላ ግን ያለፈውን እያነሡ መዝለፍ ያበቃል። ምሕረት ያለ ሥርዓት ቢሆን የጸናውን ያስቀይማል፤ ሥርዓት ያለ ምሕረት ቢሆን ደግሞ የወደቀውን ለዘላለም ውጭ ያስቀረዋል።

ከዚህ ጋር የአባ እንባቆምን ነገር ማንሣት ይገባል። እኚህ አባት የተወለዱት ከዐረብ ወገን ሲሆን እስላም ነበሩ። ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ተጠመቁ፤ መንኵሰውም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ እስከ መሆን ደረሱ። ገዳማቸው በተቃጠለበት ዘመን ሰይፍ አላነሡም። አንቀጸ አሚን የተባለውን መጽሐፍ ለኢማሙ ጻፉ እንጂ። በዚያ መጽሐፍ ቍርኣንን ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደሚያውቅ ሰው ከራሱ ከቍርኣኑ እየጠቀሱ ይከራከራሉ። ከጠላት ጋር ለመነጋገር የጠላትን መጽሐፍ አንብቦ መረዳት ያስፈልጋል ማለት ነው። እኛስ ከጎረቤታችን ጋር ስለ ሃይማኖት ስንነጋገር እርሱ የሚያምነውን ምን ያህል እናውቃለን?

ሰ. የእርዳታው ዕዳ

ፖርቱጋሎች ደማቸውን አፍስሰው ረድተዋል። ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ነገር ግን ከእነርሱ ጋር ጆአዎ ቤርሙዴዝ የሚባል ሰው ነበረ፤ እርሱም የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆኜ ተሹሜአለሁ እያለ ንጉሡና ሕዝቡ ለሮም እንዲገዙ ይጠይቅ ነበር። ዐፄ ገላውዴዎስ በዚህ ነገር የሄዱበት መንገድ ሊጠና የሚገባው ነው። ወታደሮቹን አከበሩ፤ ርስት ሰጥተው በአገሩ አስቀመጧቸው። ሃይማኖትን ግን ለውለታ ምላሽ አድርገው አልሰጡም። እንደ ቀድሞው ሥርዓት ወደ እስክንድርያ ልከው ጳጳስ አስመጡ። በኋላም ካቶሊካውያኑ መልእክተኞች «እንደ አይሁድ ሰንበትን ታከብራላችሁ፤ ትገዘራላችሁ» ብለው በከሰሱ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1555 የሃይማኖት መግለጫ ጽፈው የአገራቸውን እምነትና ልማድ አስረዱ። ቍጣ ሳይሆን ማስረጃ ያለበት መልስ ነበር።

ንጉሡ የፈረሰውንም ለመሥራት ተነሡ፤ ተድባበ ማርያምን ያሠሩት እርሳቸው ናቸው። አባ እንባቆምም በ1545 ዓ.ም. በራላምና ይዋስፍ የተባለውን መጽሐፍ ወደ ግእዝ መለሱ። መጻሕፍቱ ተቃጥለዋል ብሎ እጅን አጣጥፎ ከመቀመጥ፣ አዲስ ብራና አዘጋጅቶ መጻፍ ይሻላል።

ሸ. ለእኛ ምን ትምህርት ይሰጠናል?

«ይህን ታሪክ ማንሣት የዳነ ቍስል መነካካት አይሆንም ወይ?» የሚሉ አሉ። ከእስላም ወንድሞቻችን ጋር በአንድ ሰፈር እንኖራለን፤ በአንድ ክፍል እንማራለን፤ በሐዘንም በደስታም እንጠራራለን። አሳቡ ከቅን ልብ የመጣ ነው። ነገር ግን ዝም ያልነው ታሪክ አይጠፋም። እኛ በሙሉ ካልተማርነው ሌላው ግማሹን ቈርጦ ለጠብ ይጠቀምበታል። ግማሹን የሰማ ሰው የተቃጠለውን ገዳም ብቻ ያውቃል፤ ወይም ደግሞ በሌላው ወገን የደረሰውን ምርኮና ዘረፋ ብቻ ያውቃል። ሙሉውን የተማረ ሰው ግን በሰሜን አምባ የተሰጠውን መጠለያ፣ ሁለቱ እናቶች የተለዋወጡትን ልጆች፣ በአንቀጸ አሚን የተደረገውን ክርክርም ያውቃል።

ደግሞ በዚያ ጊዜ የነበሩት ሰዎች ሞተዋል። የዛሬው የሐረር ልጅ ለኢማም አሕመድ ሥራ ተጠያቂ አይደለም፤ እኛም ለዐፄዎቹ ዘመቻ ተጠያቂዎች አይደለንም። ተጠያቂ የምንሆነው ታሪኩን ለምን እንደምንጠቀምበት ነው። ለሙታን እናዝናለን፤ የጠፋውን ቅርስ እንመዘግባለን፤ የተረፈውን እንጠብቃለን። ሕያው ጎረቤታችንን ግን በሙታን ስም አንከስም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ከወፍላው ሽንፈትና ከወይና ደጋው ድል በፊት ሁለቱ የጦር አለቆች ያደረጉት ተመሳሳይ ስሕተት ምንድን ነው? በእኛ ኑሮ ምን ይመስለዋል?

2. ሃይማኖቱን በፍርሃት የለወጠና ለሹመት ሲል የለወጠ ሰው በአንድ ዓይነት ሥርዓት መቀበል ይገባቸዋል ትላላችሁ? ስለ ምን?

3. እቴጌ ሰብለ ወንጌል የበኵር ልጃቸው ተገድሎ ሳለ የጠላታቸውን ልጅ በሕይወት መመለሳቸውን እንዴት ታዩታላችሁ?

4. በራሳችሁ የ1551ን ዓመት ዘመነ ወንጌላዊና የትንሣኤውን ቀን በባሕረ ሐሳብ አስሉና፣ ዐፄ ገላውዴዎስ የሞቱበትን ሳምንት አግኙ።

መልሳችሁን ይዛችሁ በሚቀጥለው ሰንበት ወደ ክፍላችን ኑ። ከመካከላችን አያቶቹ ስለዚያ ዘመን የነገሩት ታሪክ ያለው ቢኖር ያንንም ጽፎ ያምጣ፤ አብረን ከመጻሕፍቱ ጋር እያነጻጸርን እንመረምረዋለን።